አባቴ የጫማቸውን መቀርቀሪያ አልረሱም

ለተከበሩ የተራራ በረዶ ሸርተቴ ጫማ ፋብሪካው የምርት ደህንነትና የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎና ለመላው ቤተሰብዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ጉልበትዎ ሳይዝል፣ ወገብዎ ሳይጎብጥ፣ በገዛ አእምሮዎም ላይ ያለዎት እምነት ሳይነካ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት ለምን እንደጨመርኩት ወደ ታች ሲያነቡ ይገባዎታልና ለጊዜው እንደ ተራ የመልካም ምኞት መግለጫ ይቀበሉኝ።

ስሜ ኖትቡርጋ ሽታለር ይባላል። የምኖረው በምሥራቅ ቲሮል፣ ከሊየንትስ ከተማ ወደ ላይ ሲወጣ አስፋልቱ በሚያልቅበት ሸለቆ ውስጥ፣ ከአባቴ ከካሲያን ሽታለር ጋር ነው። የፋብሪካዎን ስም በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ላይ ያልጠቀስኩት ፈርቼ እንዳይመስልዎት፤ አባቴ «እነሱም እንጀራቸውን የሚጋግሩ ሰዎች ናቸው፣ ስማቸውን አታጥፊ» ብለው ስለለመኑኝ ነው። እሳቸው ከለመኑኝ እምቢ ማለት አልችልበትም። ደግሞም የሸለቆአችን ግማሽ ሰው ጫማዎን እግሩ ላይ አድርጎ ስለሚውል፣ ስለማን እንደምጽፍ ለመገመት አይቸገርም።

አባቴን አያውቋቸውምና ላስተዋውቅዎ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተራራ መሪ ነበሩ፤ የሸለቆውን የነፍስ አድን ቡድንም ለረጅም ጊዜ መርተዋል። ዛሬ በመንደራችን መጠጥ ቤት ቁጭ ብለው በሐዘኔታ ስማቸውን ከሚያነሱት ሰዎች ውስጥ ጥቂት የማይባሉትን አንድ ቀን በቃሬዛ አስረው ከተራራ ያወረዷቸው እሳቸው ናቸው። መሥሪያ ቤትዎ በጻፈላቸው ደብዳቤ ላይ ግን «በዕድሜ የገፉ ደንበኛችን» ተብለዋል። ለማዕረጉ እናመሰግናለን፤ ሌሎቹን ማዕረጎቻቸውን በሙሉ ስለደመሰሰ ዛሬ የቀራቸው እሱ ብቻ ነው።

ደብዳቤው ግልጽ እንደመሆኑ ስለ ነገሩ ምንም የማያውቅ ሰውም ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ክቡርነትዎ ከእኔ በላይ የሚያውቁትን ጉዳይ ባጭሩ ማስረዳቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በሊፍት ሳይሆን በገዛ እግሩ ተራራ የሚወጣ ሰው የሚያጠልቀው የስኪ፣ ማለትም የበረዶ ሸርተቴ፣ ጫማ ከተረከዙ በላይ፣ ከኋላ በኩል፣ አንዲት የብረት መቀርቀሪያ አለችው። ሽቅብ ሲወጣ መቀርቀሪያዋ ወደ ላይ ትነሳለች፤ ያኔ ጫማው ቁርጭምጭሚት ላይ ይላላና እንደ ልብ ያራምዳል። ጫፍ ሲደረስ ወደ ታች ትጫናለች፤ ያኔ የጫማው የላይኛውና የታችኛው ክፍል አንድ ሆኖ ቅልጥምን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ሰውየውም ቁልቁል ይንሸራተታል። ቁልቁለቱ መሐል ከተከፈተች ግን ቅልጥሙን የሚይዝለት ነገር የለም፤ በአፍጢሙ ይደፋል።

እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ጫፍ ላይ እንጨባበጣለን፣ ሻይ እንጠጣለን፤ ከመውረዳችን በፊት ግን እያንዳንዱ ጀርባውን ለጓደኛው ይሰጥና ጓደኛው በስኪ ዘንጉ እጀታ የሁለቱን ጫማዎች ተረከዝ ይመታለታል። የተዘጋ መቀርቀሪያ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፤ ያልተዘጋ ይንቀጫቀጫል። ልዩነቱን ትናንሽ ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል። ተረከዙ ሳይመታ የሚወርድ ሰው እኛ ጋ የለም፤ ቢገኝም የበረዶውን ወራት በሙሉ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲቀለድበት ይከርማል። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ተራዬ ሲደርስ «ነይ፣ ሰኮናሽን አምጪ» ይሉኛል። ትልቅ ሴት ሆኜም አልተውኝም፣ እኔም እንዲተውኝ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ባለፈው መጋቢት፣ መላው ቲሮል ሥራውን ዘግቶ የቅዱስ ዮሴፍን በዓል በሚያከብርበት ዕለት፣ በየዓመቱ እንደምናደርገው አባቴና እኔ ሮትኮፍል የተባለው ተራራ ላይ ወጣን። ጫፉ ላይ ካለው መስቀል ሥር ተጨባበጥን። አባቴ ጥቁር ዳቦና በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ በቢላቸው ቆራረጡ፤ ከፔርሙዙም የሎሚ ሻይ ጠጣን። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ የእኔን ሰኮና መቱ። ከዚያ እሳቸው ዞሩልኝ። በጓንቴ በረዶውን ጠረግ ጠረግ አድርጌ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን መታሁ። ሁለቱም ደረቅ ድምፅ ሰጡ።

«ደህና ነዎት» አልኳቸው።

«ደህና ከሆንኩማ እንሂድ፤ ሾርባው ይቀዘቅዛል» አሉኝ።

አባቴ ቀደሙ። ጥቂት ጊዜ ተጠማዘዙ፤ አወራረዳቸው እንደ ድሮው ነበር፣ የማይቸኩልና ለዓይን የሚያምር። ገደላማው ቦታ ላይ ሲደርሱ ክብደታቸውን ቀኝ እግራቸው ላይ ጣሉ፣ ቅልጥማቸውም ወደ ፊት እጥፍ አለና በራሳቸው ላይ ተገለበጡ። እስከ ታች ድረስ ሄዱ። እኔ ስደርስ በጀርባቸው ተኝተው ሰማዩን ያያሉ፤ ቀኝ ጫማቸው ላይ ያለችው መቀርቀሪያ ወደ ላይ ተነስታ ቆማለች። ዛሬ ነፍስ አድን ቡድኑን የሚመራው ቬንደሊን፣ ሥራውን ከአባቴ የተማረው ሰው፣ በሄሊኮፕተር መጣ። እንደ ደንቡም እሳቸውን ከማንቀሳቀሱ በፊት ጫማውን ፎቶ አነሳ። የትከሻቸው አጥንትና አንድ ጉልበታቸው ተሰብረው ነበር፣ ሁለቱም ድነዋል። ስለ አጥንቱ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዎቼ ከዚያ በኋላ የመጡት ናቸው፤ ክቡርነትዎ ለመዝገብ እንዲያመችዎ በቁጥር አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛ። አባቴ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳሉ፣ አንድ እጃቸው ታስሮ፣ በሌላኛው ለመሥሪያ ቤትዎ ጻፉ። የጻፉት ለመክሰስም ለማማረርም አልነበረም። «መቀርቀሪያችሁ ተዘግቶ ሳለ ተከፍቶብኛል፤ ሌላ ሰው ሳይጎዳ እንድታዩት ብዬ ነው» የሚል ነበር፤ ቬንደሊን ያነሳውንም ፎቶ ከዚያው ጋር አያይዘው ላኩ። መልስዎ ፈጥኖ ደረሰን፣ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ከላኩልን ፎቶግራፍ ለመረዳት እንደቻልነው መቀርቀሪያው በመራመጃ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ይህም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያልተዘጋ መሆኑን ያረጋግጣል። በእርስዎ ዕድሜ ላይ በሚገኙ ደንበኞቻችን ዘንድ እንዲህ ያለው መዘንጋት የተለመደ መሆኑን እየገለጽን ፈጣን ማገገም እንመኝልዎታለን።» ክቡር ሆይ፣ የዚህን አስተሳሰብ ጥልቀት ሳላደንቅ አላልፍም። ተከፍቶ የተገኘ ነገር ሁሉ ቀድሞውንም አልተዘጋም ማለት ከሆነ፣ በሩ ተሰብሮ የተዘረፈ ሰው ሁሉ መቆለፍ የረሳ ነው። የአገራችን ፖሊስ ይህን ብልሃት እስካሁን አለማወቁ ያሳዝናል፤ ብዙ ድካም ይቀንስለት ነበር።

ከመልስዎ ጋር ስለላኩልን ስጦታም ላመሰግን ይገባል። «መዝጋትዎን አይርሱ» የሚል ቢጫ ወረቀት፣ ጀርባው የሚለጠፍ። አባቴ ከሆስፒታል እንደወጡ ጫማቸው ላይ አልለጠፉትም። ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፉት። እስከዛሬም እዚያው አለ፤ ሾርባ ባማሰልኩ ቁጥር አየዋለሁ።

ሁለተኛ። እኔ በበኩሌ ስልክ ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ሠራተኛዎ እጅግ ትሑት ናት፣ ቢያሳድጓት ደስ ይለኛል። «እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት ቅሬታ ደርሶን አያውቅም» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ፣ «ቀኙ ነው አይደል? ጥቁር ሞላ ያለው ነው ወይስ ብርማው? ሲከፈት ገደላማ ቦታ ላይ ነበሩ?» ስትል ጠየቀችኝ። ደርሷት ስለማታውቀው ነገር ይህን ያህል ማወቋ ገረመኝ። ከየት እንዳወቀች ስጠይቃት መስመሩ ተቋረጠ፤ በሸለቆአችን መስመር ይቆራረጣልና በእናንተ አላሳብብም።

ከዚያ የራሴን ጫማ አወጣሁ። ከአባቴ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ባንድ ቀን ነው የገዛናቸው። ወጥ ቤት ውስጥ አጠለቅሁት፣ መቀርቀሪያዋን ተጭኜ ዘጋሁ፣ ቀጭ ማለቷን ሰማሁ። ቅልጥሜን ምድጃው ዙሪያ ባለው አግዳሚ ላይ አስደግፌ በሙሉ ክብደቴ ወደ ፊት ተጫንኩ። ጥቂት ጊዜ ያዘ። ከዚያ መቀርቀሪያዋ ማንም ሳይነካት ብድግ አለች። ደስታዬን ልነግርዎ አልችልም፤ እየጮኽኩ አባቴን ጠራኋቸው። መጡ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ እኔም ደግሜ ተጫንኩ። ክቡር ሆይ፣ ጫማዎ ሰው ፊት ጨዋ ነው። ላብ እስኪያጠምቀኝ ድረስ ብገፋው ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ፣ አባቴ ሊነሱ ሲሉ፣ ብድግ አለ።

«አባባ፣ አዩት አይደል? አዩት!»

አባቴ ጎንበስ ብለው መቀርቀሪያዋን በጣታቸው ነካ አደረጓት። «ልጄ፣ ቅድም ስታጎነብሺ ነው ያላላሽው» አሉኝ። «ግድየለም። እኔም እንዲህ አደርግ ነበር።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ለማስረዳት ክቡርነትዎን ስለ አያቴ በማውራት ላሰለችዎ ተገድጃለሁ። አያቴ ፊሎሜና፣ የአባቴ እናት፣ በመጨረሻ ዘመናቸው ነገር ይረሱ ነበር። ድስት ጥደው ከብት ቤት ይሄዳሉ፤ ሊጡን ሁለት ጊዜ ጨው ያደርጉበታል፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሳህን ያቀርቡላቸዋል። አባቴ የቤቱን ሰው ሰብስበው አንድ ሕግ አወጡ፤ ማናችንም «ረስተሻል» እንዳንላቸው። ድስቱ ሲያርር አባቴ «እኔ ነኝ የረሳሁት እማማ» ይላሉ። ጨው የበዛበትን ክራፕፈን፣ በዘይት የተጠበሰውን ሊጥ፣ ሁላችንም እየተሳሳቅን እንጨርሳለን። ትርፍ ሳህን ሲቀርብ እናቴ «ጎረቤት ጠርቻለሁ፣ ሳልነግርሽ ቀርቼ ነው» ትላለች። አያቴ እኛን ሲቆጡ «ቤቱ ሙሉ ዝንጉ!» ይሉን ነበር። ዝንጉዎች መሐል የኖሩ ብቸኛ አስተዋይ እንደሆኑ እያመኑ አረፉ። ያኔ ትንሽ ነበርኩና የምንዋሸው ውሸት መሆኑን ሳላውቅ ነው የተማርኩት፤ ቤታችን ውስጥ የሰው ማክበሪያው እሱ ነበር።

አሁን እኔ «ተረከዝዎን መትቻለሁ፣ ተዘግቶ ነበር» ስላቸው አባቴ እጄን ይዘው ያሻሹታል። «አውቃለሁ ቡርግል፣ አንቺ ጥሩ ልጅ ነሽ» ይሉኛል በቁልምጫ ስሜ። አያምኑኝም። እንዴት ያምኑኛል? ውሸቱን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሐኪም ጋ ውሰጃቸው ይሉኝ ይሆናል፤ ወስጃቸዋለሁ። የሸለቆአችን ሐኪም ብዙ ነገር ጠይቋቸው፣ ሰዓት አስሥሏቸው፣ ቃላት አስደግሟቸው፣ «ጋሽ ካሲያን፣ ከእኔ የተሻለ ያስታውሳሉ» አላቸው። ከክሊኒኩ እንደወጣን አባቴ «ይሄን ልጅ እኮ ከናዳ ሥር ቆፍሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ምን ሊለኝ ነበር?» አሉኝ። ቬንደሊን በፊናው ሞከረ። ለካርታ ጨዋታ በየሳምንቱ መጠጥ ቤት ይገናኙ ነበር፤ አባቴ ከቀሩ በኋላ ቤት ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ የእኔን ካርታ ከእኔ በላይ የሚያስታውሰው ሰው ረሳሁ ብሎ ቤት ይቀመጣል? ይኸው እርስዎ ከቀሩ ወዲህ ማሸነፍ ጀምሬያለሁ፣ ሰው ሁሉ ጋሽ ካሲያን ታመዋል ወይ እያለ ይጠይቀኛል።»

አባቴ ሳቁ፣ አቀፉት፣ ከዚያም «ቬንደል፣ አንተ ከድሮም መዋሸት አትችልበትም» ብለው ሸኙት።

ችግሬ እንግዲህ ይህ ነው ክቡር ሆይ። በዚህ ሸለቆ ውስጥ አባቴን የማይወድ ሰው የለም፤ ስለዚህም አባቴ የሚያምኑት ሰው የለም። የሚያምኑት እርስዎን ብቻ ነው። እርስዎ አይወዷቸውም፣ አያውቋቸውም፣ ሊያስደስቷቸውም አይፈልጉም፤ ስለዚህ እርስዎ «ረስተዋል» ካሉ ረስተዋል ማለት ነው። «ጫማውን የሠሩት እነሱ ናቸው፣ እነሱ ያውቃሉ» ይላሉ። የእርስዎን አንድ አንቀጽ ያህል የሚታመን ቃል ቢኖረኝ ኖሮ እኔ ለእርስዎ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።

ሦስተኛውን ቅሬታ በቁጥር ለማስቀመጥ አልሆነልኝም። ዘንድሮ ያወጣችሁት አዲሱ ጫማ ነው ጉዳዩ። ሊየንትስ ካለው የስፖርት ዕቃ መደብር የወሰድኩት የማስታወቂያ መጽሔታችሁ፣ መቀርቀሪያው ላይ ሁለተኛ ጥርስ እንደተጨመረለትና «ከእንግዲህ ቢጫኑትም ባይጫኑትም በራሱ እንደማይከፈት» በትልቅ ፊደል ያበሥራል። ከእንግዲህ። ይህችን ቃል ሳነብ መደብሩ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሻጩ የዋጋው ነገር ያስለቀሰኝ መስሎት አጽናናኝ። ምንም ጉድለት ያልነበረበትን ነገር ይህን ያህል ደክማችሁ ማስተካከላችሁ የትጋታችሁ ማስረጃ ነውና ምስጋናዬን አልነፍግም። መጽሔቱን ሮጬ ለአባቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየነዱ፣ ቀስ ብለው አነበቡት።

«አየሽ፣ ደጎች ናቸው» አሉኝ። «እንደኔ ላለው ዝንጉ አስበው ነው የጨመሩት።»

እዚህ ላይ ንዴቴ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ፤ የቀረኝ ሐዘን ብቻ ነው። እኚህ ሰው ለሰው ክፉ ማሰብ አይችሉበትም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲጠፋ አንስተው ራሳቸው ላይ የሚያስቀምጡ ናቸው። እርስዎ ሳያውቁ ቀላሉን ሰው ነው ያገኙት።

በመሐሉ ቤታችን ምን እንደሆነ ባጭሩ ልንገርዎ። አባቴ ክብሪት መያዝ ትተዋል፤ ምድጃውን እኔ ከሥራ እስክመለስ ድረስ ሳይለኩሱት ብርድ ላይ ይቀመጣሉ። በየቁም ሳጥኑ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል፣ «ሳህን»፣ «ስኳር»፣ «የቡርግል ፎጣ»። ሳህኑ የት እንዳለ አንድም ቀን አልጠፋቸውም፤ የለጠፉት ለሚመጣው ቀን ነው። ስኪያቸውን ለቬንደሊን ሰጡት፤ እሱም እንቢ ማለት ከብዶት ተቀበለና ጎተራው ውስጥ ሰቀለው፣ አንድም ቀን አልነካውም። በሐምሌ ደግሞ ሳይነግሩኝ ሊየንትስ ወርደው በአረጋውያን መኖሪያ ቤት ስማቸውን አስመዝግበው መጡ። ክፍል ተገኝቷል። በመጸው ሙታናችንን የምናስብበት የቅዱሳን ሁሉ በዓል እንዳለፈ፣ በእናቴ መቃብር ላይ ሻማ አብርተው፣ ሊገቡ ነው። «ቤቱን ሳላቃጥልብሽ ልሂድ» አሉኝ፤ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወሩ ሁሉ በተረጋጋ ድምፅ።

ስለዚህ ልመናዬን ላቅርብ። ካሣ አልፈልግም። አዲስ ጫማ አልፈልግም፤ እባክዎ እንዳይልኩልን። ይቅርታም ቢሆን ልማዳችሁ ካልሆነ አላስቸግርም። የምለምንዎ በፋብሪካዎ ማኅተም፣ በአባቴ ስም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ መቀርቀሪያው ተዘግቶ ሳለም ሊከፈት ይችል ነበር። ጠበቃዎ የፈለገውን ያህል ያጥብበው። ከፈለጉ ስድብ ጨምረው ይጻፉት፤ እንዲያውም ቢሰድቧቸው ይሻላል፣ ለማጽናናት የተጻፈ አይመስላቸውም። ደግነት ያለበት ደብዳቤ ከሆነ ግን አይላኩት፤ እሱን እኛም አላጣነውም።

ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ለአባቴ ማንበብ ግድ ነበረብኝ፤ ስማቸው ያለበት ነገር ሳያውቁት እንዲወጣ አልፈለግኩም። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስለ እናታቸው ያለውን ሳነብ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ። ስጨርስ ግን፣ አስተያየት እንዳላቸው ስጠይቃቸው፣ እርማት አላቸው።

«ሻዩ የሎሚ አልነበረም» አሉኝ። «ሎሚ አልቆ ነበር፤ የጽጌረዳ ፍሬ ነው ያፈላሽው፣ ማር ረስተሽበት። ዳቦውንም የቆረጥሽው አንቺ ነሽ፣ የእኔ ቢላ ከቦርሳው ሥር ገብቶ ነበርና በአንቺው። ደግሞ ቀኙን አይደለም ቀድመሽ የመታሽው። ግራውን ነው። ግራውን፣ ከዚያ ነፋሱ ባርኔጣሽን ሊወስደው ሲል ይዘሽ፣ ከዚያ ቀኙን።»

እውነታቸውን ነበር። ባርኔጣዬን ፈጽሞ ረስቼው ነበር፤ ሲሉኝ ሁሉም ነገር መጣልኝ። ቀስ ብዬ፣ «ቀኙ ምን ዓይነት ድምፅ ሰጠ አባባ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ደረቅ» አሉ ወዲያው።

ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲበራ አየሁ፣ እንደገና ሲጠፋም አየሁ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መዳፋቸውን አዩ።

«ይሄንንም ፈጥሬው ይሆናል» አሉኝ። «እናቴም የሌለውን ነገር አጣርታ ነበር የምትነግረን።»

ክቡር ሆይ፣ ከላይ የጻፍኩትን ስሕተት ሳላርመው ትቼዋለሁ፤ ሻዩም የሎሚ፣ ቢላውም የአባቴ፣ ቀኙም ቀድሞ እንደተመታ ይቆይ። ከሁለታችን የሚረሳው ማን እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይይ። አባቴ ምንም አልረሱም። ከአእምሯቸው የጎደለ ነገር የለም፣ እርስዎ ጠፍቷል ያሏቸው ነገር አለመጥፋቱን ማመን ብቻ ነው ያቃታቸው። ይህን የወሰደባቸው በረዶም ዕድሜም አይደለም። የእርስዎ ደብዳቤ ነው፤ ሊመልስላቸው የሚችለውም የእርስዎ ደብዳቤ ብቻ ነው። የቅዱሳን ሁሉ በዓል ደግሞ ቀርቧል።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ፣ ለፋብሪካዎ የተትረፈረፈ በረዶና የሚያስታውስ ደንበኛ እንዲሰጠው እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ደግሞ አርጅተው በቤትዎ ሲቀመጡ የሚሉትን የሚያምንዎ ሰው አጠገብዎ እንዳይጠፋ ከልቤ እየጸለይኩ፣ በታላቅ አክብሮትና ዝቅ ባለ ትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

የዘወትር ደንበኛዎ፣ የዝንጉው ቤት ልጅ፣
ኖትቡርጋ ሽታለር

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ስከት አባቴ ተመልሰው መጡና አንድ ነገር እንድጨምርላቸው ጠየቁኝ። «አንድ ሽማግሌ በራሱ ጥፋት አስቸገራችሁ፣ ካሲያን ሽታለር ይቅርታ ይጠይቃል በይልኝ» አሉ። አደራ ነውና ይኸው አድርሻለሁ። ይቅርታው ከእኛ ቤት የወጣው ሌላ መጠየቅ ያለበት ሰው ዝም ስላለ ነው፤ ስለዚህ የማን እንደሆነ አጣርተው እስኪያውቁ ድረስ እባክዎ በጥንቃቄ ያስቀምጡልን።